ከሙኒክ በብሬነር ወደ ሊጉሪያ ባሕር፦ የኪራይ ካምፐር የጥርን ብርድ ይችላል ወይ?

ርዝመቱ ሰባት ሜትር ገደማ፣ ሻንሲው ፊያት ዱካቶ፣ ሞተሩ ባለ 140 ፈረስ ጉልበት 2.2 ሊትር ናፍጣ፣ ማሞቂያው በጋዝ የሚሠራ ትሩማ ኮምቢ 6። ጀርመን አገር የካምፐር፣ ማለትም ማደሪያ ቤት የተሠራበት መኪና፣ አከራዮች ግቢ ውስጥ በብዛት ተደርድሮ የምታገኙት ይህን ዓይነቱን ነው። በብርድ ወራት ኪራዩ ከጁላይና ከኦገስት በጣም ይረክሳል። ስለዚህ ከሙኒክ፣ ከኑረንበርግ ወይም ከፍራንክፈርት ተነስቶ፣ በረዶ የለበሰውን አልፕስ ተሻግሮ፣ ጣሊያን ውስጥ ባለው ሊጉሪያ ባሕር ዳር ሁለት ሳምንት ፀሐይ መሞቅ ለብዙ ቤተሰብ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ይህ ግምገማ ያ ካምፐር ለዚህ መንገድ የቱ ላይ እንደሚበቃ፣ የቱ ላይ እንደሚያንስ ይመረምራል።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። መኪናው ተራራውን ይወጣል፣ በደህናም ይወርዳል። የሚያስቸግረው ከላዩ የተጫነው ቤት ነው፤ ጋዙ፣ ውሃውና የፊት ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት። እነዚህ ሳይታሰብባቸው የተከራያችሁት ካምፐር ገና በመጀመሪያው የተራራ ሌሊት ውሃውን መሬት ላይ ሊደፋ፣ በአራተኛው ቀን ጋዝ ሊጨርስ ይችላል። ከታሰበባቸው ግን ሞቆ የሚያድር፣ በዋጋውም የማያስቆጭ ቤት ነው።

የቱን መንገድ?

ከሙኒክ ወደ ሊጉሪያ በኪሎ ሜትር የሚያጥረው በስዊዘርላንድ፣ በሳን በርናርዲኖ በኩል ያለው ነው። የዚያ ዋሻ ከፍታ ግን ከ1600 ሜትር በላይ ነው፤ በረዶ በጣለ ቀን ለረጅም ካምፐር አንመርጠውም። በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ያለው ብሬነር 1370 ሜትር ላይ ነው። በአልፕስ ዋና ሰንሰለት ላይ ካሉት መተላለፊያዎች ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የጭነት መኪናዎች ዋና መስመር ስለሆነም በረዶው ቶሎ ቶሎ ይጠረጋል። ኪሎ ሜትሩ ቢጨምርም ምርጫችን ይኸው ነው።

የመንገድ ክፍያውን ቀድማችሁ ጨርሱ። ጀርመን ውስጥ ለዚህ መኪና ክፍያ የለም። በኦስትሪያ እስከ 3.5 ቶን ለሆነ መኪና ቪኜት (የአውራ ጎዳና ክፍያ ማረጋገጫ) ያስፈልጋል፤ ዲጂታሉ በመኪናው ታርጋ ስለሚመዘገብ ካምፐሩን ከመረከባችሁ በፊት አከራዩን ታርጋውን ጠይቁ። ከኢንስብሩክ እስከ ብሬነር ያለው አውራ ጎዳና ኤ13 ደግሞ ለብቻው ይከፈልበታል። ካምፐሩ በሊብሬው ላይ ከ3.5 ቶን በላይ ከሆነ ቪኜት አያገለግልም፤ ጎ-ቦክስ የሚባለው የመንገድ ክፍያ መሣሪያ ግዴታ ነው። በኦስትሪያ አውራ ጎዳና ላይ ፍጥነቱም ወደ 80 ይወርዳል። በጣሊያን በኩል ቪፒቴኖ ላይ ትኬት ትወስዳላችሁ። ክፍያው በኪሎ ሜትር ሲሆን በፊት ጎማው ላይ ቁመቱ ከ1.30 ሜትር የሚበልጥ ባለ ሁለት አክስል መኪና ምድብ ‹ቢ› ነው፤ ካምፐር ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በኤ13 ላይ ያለው የሉግ ድልድይ በጥገና ላይ ስለሆነ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ በብዙ ቀናት በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ነው የሚከፈተው። ቅዳሜና የበረዶ መንሸራተቻ ዕረፍት ሰሞን እዚያ መድረስ ሰዓታት ያስበላል፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማለዳ ይሻላል።

ብሬነር ከመድረሳችሁ በፊት ኦይሮፓብሩከ የሚባለውን፣ በ1963 የተከፈተውንና ከሸለቆው 190 ሜትር ከፍ የሚለውን ድልድይ ታልፋላችሁ። ይህ ሸለቆ ፎን በሚባለው የደቡብ ነፋስ የታወቀ ነው። ካምፐር ቁመቱ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ሣጥን ነው፤ ከዋሻ ወይም ከአጥር ከለላ ሲወጣ ነፋሱ በአንዴ ጎኑን ይገፋዋል። የነፋስ ማስጠንቀቂያ ምልክት በርቶ ካያችሁ ወደ 80 ቀንሱ፣ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ የጭነት መኪና ለመቅደም አትሞክሩ። የጭነት መኪናውን አልፋችሁ ስትወጡ የሚመታው ነፋስ ከሁሉም ይከፋልና።

ከብሬነር በኋላ መንገዱ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ቪፒቴኖ 950 ሜትር ገደማ፣ ብሬሳኖኔ 560 ገደማ፣ ቦልዛኖ 260 ገደማ ነው። ማርሹ አውቶማቲክ ቢሆንም በእጅ ወደ ዝቅተኛ አውርዳችሁ ሞተሩ እንዲይዘው አድርጉ እንጂ ፍሬኑን ረግጣችሁ አትቆዩ፤ 3.5 ቶን በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ግሎ ይለሰልሳል። ከቦልዛኖ በኋላ የበረዶው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያልቃል፤ የሚተካው የሰሜን ጣሊያኑ የፖ ሜዳ ጉም ነው። ጉሙ ከንጋት በፊትና ከምሽት በኋላ ይከፋል፤ ቬሮናን ረፋዱ ላይ ማለፍ ጥሩ ነው።

ወደ ላ ስፔዚያና ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ለሚሄድ ከብሬነር የሚወርደውን አውራ ጎዳና ኤ22ን እስከ ሞዴና ጨርሶ፣ በፓርማ በኩል በኤ15 መውረድ ይሻላል፤ ይህ መንገድ የአፔኒኖን ተራሮች ስለሚያቋርጥ እዚያም በረዶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ወደ ሳቮና፣ ኢምፔሪያና ሳንሬሞ የሚሄድ ግን ከቬሮና በብሬሻ አድርጎ ኤ21ን ይያዝ። ቶርቶና ላይ መንገድ የሚመራው መሣሪያ (ጂፒኤስ) ወደ ኤ7 ሊያስገባችሁ ይሞክራል፤ አትታጠፉ። ኤ7 ወደ ጀኖቫ ሲወርድ የድሮ መንገድ ነው፤ ጠባብ፣ በኩርባ የተሞላ፣ መስመሮቹም ለሰፊ መኪና የማይመቹ። እስከ አሌሳንድሪያ ቀጥላችሁ በኤ26 ባሕር ዳር ወዳለው ቮልትሪ ውረዱ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ይጨምራል፣ ነገር ግን ሰፊና የተስተካከለ ነው። ከኋላ ለተቀመጡት ልጆችም ልዩነቱ ይታወቃል።

ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ክብደት

እዚህ ላይ አንድም ቸልታ አያስፈልግም። ጀርመን ውስጥ በበረዶና በግግር መንገድ ላይ የሚፈቀደው የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበት ጎማ ብቻ ነው፤ ‹ኤም+ኤስ› (ጭቃና በረዶ) ብቻ የተጻፈበት ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ አይቆጠርም። የኦስትሪያ ሕግ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 በረዷማ መንገድ ላይ የክረምት ጎማ ይጠይቃል፤ ጥርሱ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካልሆነ የክረምት ጎማ ተብሎ አይታሰብም። ጣሊያን ምልክት በተተከለባቸው መንገዶች ላይ ከኖቬምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 የክረምት ጎማ ወይም መኪናው ውስጥ የተዘጋጀ ሰንሰለት ይፈልጋል።

ችግሩ ብዙ ካምፐሮች ከፋብሪካ የሚወጡት በካምፒንግ ጎማ መሆኑ ነው። ልኩ ብዙ ጊዜ 225/75 አር16 ሲሆን ከልኩ ቀጥሎ ‹ሲፒ› የሚል ፊደል አለው። የጎማው ግድግዳ ከባድ ጭነት ቢችልም ‹ኤም+ኤስ› ብቻ የተጻፈበት አለ፤ እንደ ሚሽላን ክሮስክላይሜት ካምፒንግ ያለው ግን የተራራውን ምልክት ይዟል። አከራዩ በስልክ ‹‹የክረምት ጎማ አለው›› ቢላችሁ አትርኩ፤ የጎማውን ጎን ፎቶ አስልኩ። በአየር በኩል የካምፒንግ ጎማ ከኋላ እስከ 5.5 ባር ይሞላል። መጠኑ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ የሚለካ ነው፤ ሞቆ ሲለካ ከፍ ብሎ ስለሚታይ እሱን አይቶ ማስተንፈስ ጎማውን ለጭነቱ ያሳንሰዋል።

ዱካቶ የሚነዳው በፊት ጎማው ነው። ካምፐሩ ደግሞ ከኋላ ጎማው አልፎ ረጅም ጅራት አለው፤ ጅራቱ ላይ የተጫነ እያንዳንዱ ኪሎ የፊቱን ያነሳዋል። ከኋላ ብስክሌት የተሰቀለበት፣ ጋራዡ (ከኋላ ያለው የዕቃ ክፍል) በውሃ ካርቶንና በወንበር የታጨቀ ካምፐር ባዶውን እያለ የወጣውን ዳገት ላይወጣ ይችላል፤ የፊት ጎማው በቦታው ይሽከረከራል። ከባዱን ዕቃ በሁለቱ አክስሎች መካከል ወለል ላይ አኑሩት፤ ጋራዡ ውስጥ ቀላል ነገር ይግባ። ብስክሌት የግድ ካስፈለገ ጣሊያን ውስጥ ከኋላ የሚወጣ ጭነት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀይና ነጭ ሰሌዳ እንደሚያስፈልገው አስታውሱ። መኪናው ‹ትራክሽን ፕላስ› የሚባል ቁልፍ ካለው ዳገቱ ላይ ከመቆማችሁ በፊት ተጫኑት፤ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይዞ ጉልበቱን ወደሚይዘው ያሻግራል።

ሰንሰለት የሚታሰረው በፊት ጎማዎች ነው። ልኩ ከጎማው ጋር የሚስማማ መሆኑንና በጎማውና በፍሬኑ መካከል ያለው ክፍተት እንደሚበቃ አከራዩ ማረጋገጥ አለበት። ከመነሳታችሁ በፊት በደረቅ ቦታ አንድ ጊዜ አስራችሁ ሞክሩ፤ በጓንት፣ በጨለማ፣ በዝናብ በረዶ መሐል መማር አይቻልም። ካሰራችሁ በኋላ ጥቂት መቶ ሜትር ነድታችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ። ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ፤ አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ሲገለጥ ወዲያውኑ ፍቱት፣ አለበለዚያ ሰንሰለቱም ጎማውም ይበላል።

ክብደቱ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ‹‹3.5 ቶን ነው›› ብሎ በመተው ነው። እንዲህ ያለ ካምፐር ሾፌሩን፣ ናፍጣውንና አንድ የጋዝ ሲሊንደርን ጨምሮ ባዶውን ከ2900 እስከ 3050 ኪሎ ይመዝናል። የቀረው ከ450 እስከ 600 ኪሎ ነው። ከዚያ ላይ ሦስት ሰው፣ ሁለተኛ ሲሊንደር (ብረቱን ጨምሮ ከ20 ኪሎ በላይ)፣ ሰንሰለት፣ የብርድ ልብስ፣ የሳምንት ምግብ ይቀነሳል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ስለዚህ ብዙ ካምፐሮች ሲነዱ 20 ሊትር ብቻ እንዲያስቀሩ የተሠሩ ናቸው፤ ውሃውን ባደራችሁበት ቦታ ሙሉ።

ማሞቂያው፦ ትሩማ ኮምቢ 6

የዚህ ቤት ልብ ይህ ነው፤ የምንመካበትም እሱን ነው። አየሩንም 10 ሊትር የመታጠቢያ ውሃውንም በአንድ ላይ ያሞቃል። ሦስት ደረጃ አለው፦ 2000፣ 4000 እና 6000 ዋት። የጋዝ ፍጆታው በሰዓት ከ160 እስከ 480 ግራም ነው። ሒሳቡን እንሥራ፤ 11 ኪሎ ሲሊንደር በሙሉ ኃይል 23 ሰዓት ያህል፣ በዝቅተኛው 69 ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ማሞቂያው ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ ደረጃ አይሠራም። ውጪው ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ሲሆን ለሰባት ሜትር ካምፐር በቀን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ጋዝ መያዝ ነው። ሁለት ሲሊንደር፣ ማለትም 22 ኪሎ፣ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ያዛልቃል። ሊጉሪያ ዳርቻ ላይ፣ የጃንዋሪ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከዜሮ በላይ ስለሆነ፣ ፍጆታው ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔን መሆኑን ጠይቁ። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል፤ ሲሊንደሩ ግማሽ ሞልቶ ሳለ ማሞቂያው ይጠፋል። ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። ጀርመን ውስጥ የሚሸጡት ግራጫ ሲሊንደሮች አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፔን ናቸው፤ ሙቀት አገር ተሞልቶ የመጣ ድብልቅ ግን ያታልላል።

ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው) ‹ዱኦኮንትሮል ሲኤስ› ቢሆን እንመርጣለን። አንዱ ሲሊንደር ሲያልቅ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ማንንም ሳይቀሰቅስ ወደ ሁለተኛው ያዞራል። ግጭት ሲያጋጥም ጋዙን የሚዘጋ መሣሪያ ስላለው በጉዞ ላይ ማሞቅም ይቻላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የዱካቶ ጋቢና ማሞቂያ ከኋላ አልጋ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ጋ አይደርስም። ‹አይስኤክስ› የሚባለው ትንሽ ማሞቂያ ከተገጠመለት ደግሞ ሬጉሌተሩ ውስጥ እርጥበት አይጋገርም። ነዳጅ ማደያ ስትገቡ ግን ማሞቂያውን አጥፉ፤ ይህ ሁልጊዜም ግዴታ ነው።

ድክመቱ ጣሊያን ውስጥ ይገለጣል። የጀርመን ሲሊንደር እዚያ በሙሉ አይለወጥም፤ የጣሊያኑ መግጠሚያም ሌላ ነው። በራሱ መሙላት የሚቻል ታንክ የተገጠመለት ካምፐር ከሆነ ማደያ ላይ ይሞላል፤ ጣሊያንና ኦስትሪያ ‹ዲሽ› የሚባለውን መግጠሚያ፣ ጀርመን ግን ‹አክሜ› የሚባለውን ስለሚጠቀሙ ሁለቱንም ያዙ። አብዛኛው የኪራይ ካምፐር ግን ተራ ሲሊንደር ነው ያለው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ምርጫ ካላችሁ በናፍጣ የሚሠራውን ኮምቢ 6 ዲ ተከራዩ። ከመኪናው ታንክ ስለሚጠጣ ማደያ ባለበት ሁሉ ሙቀት አለ። በሙሉ ኃይል በሰዓት 630 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ በብርድ ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሊትር ናፍጣ መያዝ ይበቃል። ውጪ ድምፁ ይሰማል፣ ሲነሳ ትንሽ ይሸታል፣ ከባትሪም ከጋዙ ይልቅ ይወስዳል። ታንኩ ወደ መጠባበቂያው ሲወርድ መኪናው ይነሳ ዘንድ ማሞቂያው ቀድሞ እንዲቆም የተሠራ ነው፤ ማታ ከሩብ በታች ይዛችሁ አትደሩ። ይህን ሁሉ አይተን እንኳ ለብሬነርና ለሊጉሪያ ናፍጣው ይበልጣል እንላለን። ጋዙ ለምድጃና ለፍሪጅ ብቻ ሲቀር አንድ ሲሊንደር ለወር ይተርፋል።

ባትሪው ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። አብዛኛው ኪራይ ካምፐር 95 አምፔር ሰዓት ገደማ የሆነ ኤጂኤም የሚባል የእርሳስ ባትሪ ነው ያለው፤ ከዚህም ያለ ጉዳት የሚወሰደው ግማሹ ነው፣ በብርድ ደግሞ ይቀንሳል። የማሞቂያው ማራገቢያ፣ ፓምፑና መብራቱ በአንድ ሌሊት ከ20 እስከ 30 አምፔር ሰዓት ይበላሉ። አንድ ሌሊት ይቻላል፤ ሳይነዱ ሁለተኛ ሌሊት ማደር ግን ማሞቂያውን ንጋት ላይ ያጠፋዋል። የጣሪያው ሶላር በጃንዋሪ ፀሐይ፣ ያውም በረዶ ተኝቶበት፣ የሚያመጣው የለም። ሊቲየም ባትሪ የተገጠመለት ከሆነ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ እንደማይደረግ እወቁ፤ ቤቱ ውስጥ፣ ሙቀት ባለበት መቀመጥ አለበት።

ውሃው

የብርድ ወራት ካምፐር ብዙ ተከራይን የሚያስለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ‹ፍሮስት ኮንትሮል› የሚባል ቫልቭ ከማሞቂያው አጠገብ ተገጥሟል። አካባቢው 3 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በራሱ ይከፈትና የማሞቂያውን 10 ሊትር ውሃ ወደ መሬት ያፈሳል፤ ውሃው ውስጥ ቢረጋ ማሞቂያው ይሰነጠቃልና። ሥራው ይህ ነው። ነገር ግን ፓምፑ በርቶ ከተተወ ግፊቱ ጠፋ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ እየገፋ ታንከሩን በሙሉ ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመተኛታችሁ በፊት ፓምፑን አጥፉ። ቫልቩ ከ7 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይዘጋም፤ በኃይል አትጫኑት። ቤቱን አሙቁ፣ ቫልቩ ያለበትን ሣጥን ክፈቱ፣ ሙቀት እንዲገባ ጠብቁ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙራችሁ ተጫኑት። በልብስ መቆንጠጫ አስረው ክፍት እንዳይሆን የሚያደርጉ አሉ፤ ይህ ማሞቂያውን ለመሰንጠቅ የሚደረግ ውል ነው፣ ካሣውም በተከራዩ ላይ ይወድቃል። መኪናውን ስትረከቡ ‹‹ቫልቩ የት ነው?›› ብላችሁ አስከፍታችሁ እዩ። ከአልጋ ሥር ከዕቃ በስተጀርባ ከሆነ ዕቃ አትከምሩበት፤ አየር ካልደረሰው ቤቱ 20 ዲግሪ እያለ እንኳ ይከፈታል።

የእጣቢ ውሃው ታንከር ሌላ ነገር ነው። በብዙ ካምፐር ከወለሉ በታች፣ ያለ ማሞቂያ ተንጠልጥሏል። እዚያ የሚረጋ ውሃ ቧንቧውን ይዘጋል፣ ታንከሩንም ይሰነጥቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የታንከሩን ቫልቭ ክፍት ትታችሁ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጡ፤ ውሃው ባልዲው ውስጥ ቢረጋ ይገለበጣል። መንገድ ላይ ግን አትልቀቁት፤ ካምፒንጉ ወይም የካምፐር ማራገፊያው ውስጥ ይፈሳል። ድርብ ወለል ያለውና ታንከሮቹ ወለሉ ውስጥ የሚሞቁ ካምፐር ከተገኘ ጥቂት ከፍ ያለ ኪራይ ቢጠየቅም ክፈሉ። የአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 1646-1 ሦስተኛውን ምድብ ያለፈ ካምፐር 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ውስጥ ቆይቶ በአራት ሰዓት ውስጥ 20 ዲግሪ ይደርሳል፣ የውሃው መስመርም ይሠራል። ሁለተኛው ምድብ የሚለካው በዜሮ ዲግሪ ብቻ ነው። ካታሎጉ ላይ የሚጠየቀው ቁጥር ይህ ነው።

ቤቱን ማሞቅና ማድረቅ

ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በጋቢናው ነው፤ ትልቁ የፊት መስታወትና ሁለቱ በሮች ነጠላ መስታወት ናቸው። ከውስጥ የሚለጠፈው የብር ምንጣፍ መስታወቱ ላይ ላብ ያመጣል፤ ከውጪ የሚታሰረው ወፍራሙ ግን መስታወቱንም ደረቅ ያደርገዋል፣ ጠዋት መፋቅም ይቀራል። ከአከራዩ ጠይቁ፣ ካልሰጡ ግዙ። ጋቢናና ቤቱ መካከል ወፍራም መጋረጃ መዝጋትም ይረዳል።

አራት ሰው ተኝቶ፣ ምግብ ተቀቅሎ፣ ጥቂት ቡና ተፍልቶ የሚያድርበት ትንሽ ቤት በሌሊት ብዙ እርጥበት ይይዛል። ጠዋት፣ ማታና ከምግብ በኋላ አምስት ደቂቃ የጣሪያ መስኮቱንና አንድ የጎን መስኮት ክፈቱ፤ ብርዱን ፈርታችሁ ከዘጋችሁት ፍራሹ ሥር ይሻግታል። ፍራሹን በቀን ከፍ አድርጋችሁ ደግፉት። የማሞቂያው የጭስ መውጫ ጎን ላይ ነው፤ በላዩ ያለውን መስኮት አትክፈቱ፣ በረዶም እንዳይዘጋው እዩ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ብዙ የኪራይ ካምፐር ውስጥ የለም፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቡና ግን ቤታችሁ ቁሉና ፈጭታችሁ ይዛችሁ ውጡ። በተዘጋ ካምፐር ውስጥ መቁላት ጢሱን ፍራሹ ላይ ያሳድራል፣ የጭስ መሣሪያውንም ያስጮኸዋል።

ስለ እንጀራም ይኸው ነው። የጣሊያን ካምፒንግ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 6 አምፔር፣ ማለትም 1380 ዋት ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚያንስም አለ። በውጭ አገር የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ1000 ዋት በላይ ይወስዳል። ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ክፍል የተጨመረበት ‹ኢ› ዓይነት ከሆነ ደግሞ ያ ክፍል 900 ወይም 1800 ዋት ስለሚወስድ ሁለቱ አንድ ላይ ከበሩ የካምፒንጉ ፊውዝ ይጥላል። እንጀራው ተጋግሮ፣ ቀዝቅዞ፣ በየሁለት በየሦስት በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሂድ። ተራራው ላይ ጋራዡ ራሱ ፍሪጅ ነው። ፍሪጁ በጋዝ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የውጪው ሙቀት ከ8 ዲግሪ ሲወርድ የጎኑን መተንፈሻ በክረምት ክዳን ዝጉት፣ ባሕር ዳር ስትደርሱ ግን አውልቁት።

ለማደር ስትቆሙ ሁለት ነገር አስቡ። የእጅ ፍሬን በገመድ የሚሠራ ከሆነ በብርድ ሌሊት ይጋገራልና አትያዙት፤ ማርሽ ውስጥ ትታችሁ ጎማውን በሽብልቅ ደግፉ። ከጎማው ሥር ሳንቃ ካስገባችሁ ደግሞ ጠዋት ጎማው ከጨቀየው በረዶ ጋር ተጣብቆ አይቀርም። ከመነሳታችሁ በፊት ጣሪያው ላይ የተኛውን በረዶ ጥረጉ። ሕጉ ይጠይቃል፤ ፍሬን ሲያዝም ያ ሁሉ ክምር ወደ ፊት መስታወታችሁ ይወርዳል።

ዳርቻው ላይ

ሊጉሪያ በጃንዋሪ የምትሞቀው አልፕስና አፔኒኖ የሰሜኑን ነፋስ ስለሚከለክሉላት ነው። ሳንሬሞ ላይ ቀን 12 ወይም 13 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ካምፒንጎቹ ግን ተራራ ላይ በእርከን የተሠሩ ናቸው፤ መግቢያቸው ቁልቁል፣ ቦታቸው ጠባብ ነው። ሰባት ሜትር መሆናችሁን ቀድማችሁ ደውላችሁ ተናገሩ። በጣሊያን የመንገድ ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት የቆመ ካምፐር በጎማው ላይ ብቻ ካረፈ፣ ከራሱ ስፋት ያልወጣና ምንም ያላፈሰሰ ከሆነ እንደ ካምፒንግ አይቆጠርም። መሸፈኛ ከዘረጋችሁ ወይም ወንበር ካወጣችሁ ግን ሌላ ነው፤ የከተማው ምልክት የሚከለክል ከሆነም አይሠራም። ከኦስፔዳሌቲ እስከ ሳን ሎሬንዞ አል ማሬ የድሮው የባቡር ሐዲድ 24 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ከኋላ ብስክሌት አሰቅሎ የፊት ጎማን ከማቅለል ይልቅ እዚያው መከራየት ይሻላል።

ተመላሹ ጉዞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ናፍጣ ነው። ጀርመን ውስጥ የሚሸጠው የክረምት ናፍጣ እስከ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል፤ ባሕር ዳር የገዛችሁት ያን ያህል ላይችል ይችላል፣ ሰሙ ረግቶ ማጣሪያውን ይዘጋል። ከሊጉሪያ ሙሉ ታንክ ይዛችሁ አትውጡ። ቬሮና ላይ ሩብ እንዲቀር አድርጉና ቦልዛኖ ወይም ቪፒቴኖ ሙሉ። ‹አድብሉ› (የናፍጣውን ጭስ የሚያጠራው ፈሳሽ) 11 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይረጋል፤ የመኪናው ታንክ ማሞቂያ አለው፣ ጋራዥ ውስጥ በጀሪካን የያዛችሁት ግን የለውም። ከብሬነር በኋላ ሻንሲው በመንገድ ጨው ይለብሳል፤ ኢንስብሩክ አካባቢ ሥሩን በውሃ የሚያጥብ፣ ለረጅም መኪና የሚሆን ማጠቢያ ፈልጋችሁ ካጠባችሁ በኋላ ውሃውንና ጋዙን ዘግታችሁ መኪናውን አስረክቡ።